ነፃው ማጫወቻ ስንት ያወጣል?

አዲስ ኮምፒዩተር ከመግዛት በፊት ሊፈተሽ የሚገባው ሶፍትዌር

ከባሕር ዳር በስተደቡብ በምትገኘው ሰባታሚት አንድ ክፍል ተከራይቶ የፊልም ማሳያ ቤት ለመክፈት የተነሣ ነጋዴ ይታሰብ። ሰፊ ቴሌቪዥን ገዝቷል፤ ያገለገለ ላፕቶፕ አግኝቷል፤ በብሉቱዝ የሚሠራ ድምፅ ማጉያ ሰቅሏል፤ አግዳሚ ወንበርም ደርድሯል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ምሽት ቤቱ ሞልቶ ሳለ ምስሉ እየተቆራረጠ ይሄዳል። ተዋናዩ ከንፈሩን ካንቀሳቀሰ በኋላ ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል። ጥይት ሲተኮስ ጆሮ ያደነቁራል፤ ሰው ሲነጋገር ግን አይሰማም። በማግሥቱ ወንበሩ ግማሽ በግማሽ ባዶ ነው። ነጋዴው ችግሩን ሲያማክር የሚያገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ኮምፒዩተሩ አርጅቷል፤ አዲስ ግዛ።»

ይህ ምክር ድሮም ቢሆን ርካሽ አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ክብደቱ ጨምሯል። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ላፕቶፕ፣ ቴሌቪዥንና ድምፅ ማጉያ ሁሉም በዶላር ተገዝተው የሚገቡ ዕቃዎች ናቸው። ስለዚህ «አዲስ ግዛ» የሚለውን ቃል ከመቀበል በፊት ችግሩ በእርግጥ የዕቃው መሆኑን ማረጋገጥ የንግድ ጉዳይ ነው። ከላይ ከተዘረዘሩት እንከኖች አብዛኞቹ ያለ አንድ ሣንቲም ወጪ የሚስተካከሉ ናቸውና።

የተጠቀጠቀውን መፍታት

ቪዲዮ ማጫወቻ ሶፍትዌር ሥራው ምንድነው? ስፋቱ 1920፣ ቁመቱ 1080 ነጥብ የሆነ፣ በሰከንድ 25 ምስል የሚያሳይ ፊልም ሳይጨመቅ እንዳለ ቢቀመጥ ለአንድ ሰከንድ ብቻ 155 ሜጋባይት ያህል ቦታ ይወስዳል። የሁለት ሰዓት ፊልም እንግዲህ ከ1,000 ጊጋባይት በላይ ይሆናል ማለት ነው። በፍላሽ የሚመጣው ፊልም ግን ከአንድ ወይም ከሁለት ጊጋባይት አያልፍም። ልዩነቱ የተገኘው ፊልሙ በልዩ ስልት ተጨምቆ ስለታሰረ ነው። ታስሮና ተጠቅጥቆ ወደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚገባ ጥጥ ሥራ ላይ የሚውለው ተፈትቶ ነው፤ ፊልሙንም በእያንዳንዱ ሰከንድ እየፈታ ለዓይንና ለጆሮ የሚያቀርበው ማጫወቻው ነው።

የማሰሪያው ስልት «ኮዴክ» ይባላል። በገበያው የሚገኙት ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። ኤች 264 እ.ኤ.አ. በ2003 ወጥቶ ዛሬም በሁሉም ዘንድ የሚሠራ ነው። ኤች 265 በ2013 የወጣ ሲሆን፣ ተመሳሳይ ጥራት ያለውን ፊልም በግማሽ ያህል መጠን ሊይዝ ይችላል። ኤቪ 1 ደግሞ በ2018 የመጣ የሁሉም ታናሽ ነው። ስልቱ በዘመነ ቁጥር ፋይሉ ያንሳል፤ የመፍታቱ ሥራ ግን ይከብዳል። ሰባታሚት ላይ የተቆራረጠው ምስል ምሥጢር በአብዛኛው ያለው እዚህ ላይ ነው። ፊልሙ አነስተኛ ቦታ ይያዝ ተብሎ በኤች 265 ታስሯል፤ ላፕቶፑ ደግሞ ይህ ስልት ከመምጣቱ በፊት የተሠራ ነው።

ለተመልካች አንድ እውነት አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ማጫወቻ በፋይሉ ውስጥ የሌለ ጥራት አይፈጥርም። በቪሲዲ ዘመን የተሠራ የአማርኛ ፊልም 352 በ288 ነጥብ ብቻ ነው። በዛሬው 1920 በ1080 ቴሌቪዥን ላይ ሲዘረጋ አንዱ ነጥብ የሃያ ነጥብ ቦታ ይሸፍናል። ጥሩ ማጫወቻ ጠርዙን ሊያለሰልሰው ይችላል እንጂ የተዋናዩን የዓይን ሽፋሽፍት አያወጣለትም። ጥሩ ማጫወቻ ማለት በፋይሉ ውስጥ ያለውን ሳያጎድል የሚያወጣ ነው።

በገበያው ያሉት

በኢትዮጵያ ኮምፒዩተሮች ላይ ከሚገኙት ማጫወቻዎች ሁሉ ስሙ የገነነው ቪኤልሲ ነው። ብርቱካናማው የመንገድ ሾጣጣ ምልክቱ ነው። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 በፓሪሱ ኤኮል ሳንትራል ተማሪዎች ሲሆን፣ በ2001 ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው በነፃ ፈቃድ ተለቋል። የሚያስተዳድረው ለትርፍ ያልተቋቋመ ማኅበር ነው። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ዣን ባፕቲስት ኬምፍ በማጫወቻው ላይ ማስታወቂያ እንዲጨመር የቀረበላቸውን በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዩሮ አለመቀበላቸው ይታወቃል። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. የወረደበት ብዛት ከ6 ቢሊዮን ማለፉ ተነግሯል። ለነጋዴው ዋናው ቁም ነገር ፈቃዱ ነው፤ በመኖሪያ ቤትም ሆነ በንግድ ቤት ቢጠቀሙበት ክፍያ የለውም። አብዛኞቹን ኮዴኮች ከራሱ ጋር ይዞ ስለሚመጣም ሌላ ነገር መጫን አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ሚዲያ ፕሌየር ክላሲክ ሆም ሲኒማ ነው። መልኩ የድሮውን የዊንዶውስ ማጫወቻ ይመስላል፤ ለደካማ ኮምፒዩተር ቀላል ነው፤ የድምፅና የምስል ማስተካከያውም ጥልቅ ነው። ዋናዎቹ አዘጋጆች እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራቸውን ቢያቆሙም በበጎ ፈቃድ የተረከቡት ሰዎች አዳዲስ እትሞችን ማውጣታቸውን ቀጥለዋል። ኬ-ላይት ከሚባለው የኮዴክ ጥቅል ጋር አብሮ የሚመጣውም ይኸው ነው።

ከደቡብ ኮሪያ የመጡት ኬኤም ፕሌየር፣ ጎም ፕሌየርና ፖት ፕሌየር በርካታ ወዳጆች አሏቸው። በተለይ ፖት ፕሌየር ለምስል ማስተካከያ የሚሰጠው አማራጭ ብዙ ነው። ኬኤምና ጎም ግን ነፃ እትማቸውን የሚደጉሙት በማስታወቂያ ነው። ደንበኛ በተቀመጠበት አዳራሽ ከስክሪኑ ጥግ ድንገት ብቅ የሚል ማስታወቂያ ለቤቱ አያምርም። ኤምፒቪ የሚባለው ደግሞ በጥራት በባለሙያዎች የተመሰገነ ቢሆንም ማስተካከያው በጽሑፍ ትእዛዝ ስለሚሰጥ ለጀማሪ አይመችም።

ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ማጫወቻ ኤች 264ን ያለ ችግር ያሳያል። ኤች 265 ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ ከማይክሮሶፍት መደብር ተጨማሪ እንዲገዛ ይጠይቃል፤ ዋጋው 99 የአሜሪካ ሣንቲም ነው። ገንዘቡ ትንሽ ቢመስልም የውጭ ካርድ ለሌለው ሰው ትንሽ አይደለም። ቪኤልሲ ይህንኑ በነፃ ስለሚሠራ ወጪው አላስፈላጊ ነው።

ቺፑ ስንተኛ ትውልድ ነው?

ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ስለ ራም፣ ስለ ሃርድ ዲስክና ስለ ስክሪኑ ስፋት ይጠይቃል። ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ የሚሆነው የቺፑን ትውልድ ሳይጠይቅ ሲቀር ነው። ኢንቴል ቺፕ ከሆነ መለያው በተለጣፊው ወይም በዊንዶውስ የኮምፒዩተር መረጃ ላይ ይገኛል። ከ«አይ 5» ቀጥሎ ያለው ቁጥር 4300 ቢሆን አራተኛ፣ 8250 ቢሆን ስምንተኛ፣ 1135 ቢሆን አሥራ አንደኛ ትውልድ ነው።

ኤች 265ን በሙሉ፣ ባለ 10 ቢቱን ጭምር፣ በራሱ የሚፈታ ክፍል የተገጠመላቸው ከሰባተኛው ትውልድ ጀምሮ ነው። ስድስተኛው ባለ 8 ቢቱን ብቻ ይችላል። ኤቪ 1ን ደግሞ ከአሥራ አንደኛው ወዲህ ያሉት ይችሉታል። አራተኛ ትውልድ የያዘ ላፕቶፕ ኤች 265 ሲሰጠው ሥራው ሁሉ በዋናው ቺፕ ላይ ይወድቃል፤ ይሞቃል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ምስል ይዘላል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ የባትሪው ጉዳይ ከምስሉ አያንስም። ፊልሙ ሳያልቅ ላፕቶፑ ከጠፋ ደንበኛው ገንዘቡን መልስ ማለቱ አይቀርም።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ያንኑ ፊልም በኤች 264 የታሰረውን ቅጂ መጠየቅ፣ ወይም ቁመቱ 720 ነጥብ የሆነውን መምረጥ ነው። አሮጌው ላፕቶፕ ይህን ሳይጨነቅ ያሳያል። ሁለተኛው በማጫወቻው ማስተካከያ ውስጥ የቺፑ ፈቺ ክፍል ሥራ ላይ እንዲውል ማዘዝ ነው። በቪኤልሲ ይህ «ኢንፑት ኤንድ ኮዴክስ» በሚለው ገጽ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ «አውቶማቲክ» ላይ መሆን አለበት። አንዳንድ ቤቶች «ኮምፒዩተሩን ያፈጥናል» ብለው ያጠፉታል፤ ውጤቱ የተገላቢጦሽ ነው።

ሁኔታውን በግምት ሳይሆን በቁጥር ማየት ይቻላል። ፊልሙ እየሄደ ኮንትሮልንና ጄን አንድ ላይ ሲጫኑ ቪኤልሲ ፊልሙ በምን ኮዴክ እንደታሰረ ይነግራል። እዚያው ያለው የስታቲስቲክስ ገጽ ደግሞ ስንት ምስል እንደጠፋ ይቆጥራል። ቁጥሩ ዜሮ ላይ ከቆመ ኮምፒዩተሩ ጤነኛ ነው። እየጨመረ ከሄደ ግን ፊልሙ ለቺፑ ከብዷል።

ምስሉ ለምን ይበላሻል?

ምስል ሳይጠፋም መልኩ የሚበላሽባቸው ምክንያቶች አሉ። አንደኛው ጥቁር መሆን የሚገባው ግራጫ መምሰሉ ወይም ጥላ ያለበት ቦታ ሁሉ ድፍን ጥቁር ሆኖ መቅረቱ ነው። በኮምፒዩተር ዘንድ የብርሃን መጠን ከ0 እስከ 255 ይቆጠራል፤ በቪዲዮና በቴሌቪዥን ዘንድ ግን ከ16 እስከ 235 ነው። በኤችዲኤምአይ ገመድ ሲገናኙ አንዱ በአንደኛው ሌላው በሁለተኛው ልክ ከቆጠሩ ምስሉ ይደበዝዛል ወይም ይጨልማል። መፍትሔው በላፕቶፑ የግራፊክስ ማስተካከያና በቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን ልክ አንድ ማድረግ ነው። ብዙ ሰው ግን ቴሌቪዥኑን ይወቅሳል።

ሁለተኛው የእንቅስቃሴ መንተክተክ ነው። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ልማድ የተቀረጸ ቪዲዮ በሰከንድ 25 ምስል አለው። ላፕቶፕ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስክሪኑን በሰከንድ 60 ጊዜ ያድሳል። ስልሳ ለሃያ አምስት እኩል ስለማይካፈል አንዱ ምስል ሁለት ጊዜ፣ ሌላው ሦስት ጊዜ ይታያል፤ ካሜራው ወደ ጎን ሲዞር ምስሉ ይንገጫገጫል። ቴሌቪዥኑ ከተቀበለው በዊንዶውስ የስክሪን ማስተካከያ 60ውን ወደ 50 መቀየር ብቻ ይበቃል።

ሦስተኛው በተለይ የሠርግና የድሮ ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጡ ቪዲዮ ቤቶችን ይመለከታል። ይህ ሥራ ጊዜ አይሰጥም። የመጨረሻው የካሴት ማጫወቻ አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ማምረቱን ያቆመው በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ነው። ከካሴት የተገለበጠ ቪዲዮ ሁለት ግማሽ ምስሎችን መስመር በመስመር አጣምሮ የያዘ በመሆኑ፣ በኮምፒዩተር ሲታይ የሙሽሮቹ እጅ ሲወዛወዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰነጣጠቀ መስመር ይወጣል። ደንበኛው «አበላሻችሁብኝ» ሊል ይችላል፤ የተበላሸ ግን የለም። በቪኤልሲ የዲ ቁልፍን መጫን ወይም «ዲኢንተርሌስ» የሚለውን «ያዲፍ» ላይ ማድረግ መስመሩን ያጠፋዋል። ፊቱ ወደ ጎን የተለጠጠ ከሆነ ደግሞ የኤ ቁልፍ ወደ 4 በ3 ይመልሰዋል።

ድምፅ ከምስል ይቀድማል

ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ ያልተሰማ ንግግር ግን አይታገሥም። ድምፁ ከከንፈር የሚዘገየው ብዙ ጊዜ በብሉቱዝ ማጉያ ምክንያት ነው። ገመድ አልባው መንገድ ድምፁን ለማሰርና ለመፍታት ጊዜ ይወስዳል። በሦስት ሜትር ገመድ ማገናኘት ከማናቸውም ሶፍትዌር የተሻለ መድኃኒት ነው። ገመድ ባይኖር የቪኤልሲ ጄና ኬ ቁልፎች በእያንዳንዱ ጫና ድምፁን በ50 ሚሊሰከንድ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ያንቀሳቅሱታል። ችግሩ ተገልብጦ ድምፁ ቀድሞ ከመጣ ጥፋቱ ምስሉን ለማስዋብ ጊዜ የሚወስደው ቴሌቪዥን ነው፤ በላዩ ያለውን የጨዋታ አሠራር መምረጥ መዘግየቱን ይቀንሰዋል።

ጥይቱ አደንቁሮ ንግግሩ የሚጠፋበት ምክንያት ሌላ ነው። የውጭ ፊልሞች ድምፅ ለስድስት ማጉያ የተከፋፈለ ሲሆን፣ ንግግሩ በአብዛኛው የሚመጣው ከመካከለኛው ነው። ሁለት ማጉያ ብቻ ባለበት ቤት ማጫወቻው ስድስቱን ወደ ሁለት ሲቀላቅል ንግግሩ በሙዚቃና በፍንዳታ ይዋጣል። በቪኤልሲ የ«ኢፌክትስ» ገጽ ላይ «ኮምፕሬሰር» የሚለውን ማብራት ከፍተኛውን ዝቅ፣ ዝቅተኛውን ከፍ ያደርጋል። በሚዲያ ፕሌየር ክላሲክ ደግሞ የመካከለኛውን ድርሻ ለብቻው መጨመር ይቻላል።

ብዙዎች የሚወስዱት አቋራጭ ግን የቪኤልሲን ድምፅ ከ100 በመቶ በላይ መግፋት ነው። ይህ ድምፁን አያጠራውም፤ ከልኩ ያለፈውን ይቆርጠዋል፣ ያንሻካክካል፣ ሲቆይም ማጉያውን ሊጎዳ ይችላል። ማጫወቻው ከ100 ሳያልፍ ጭማሪውን ከማጉያው መውሰድ ነው የሚሻለው። ግድግዳና ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ክፍል ደግሞ ድምፁን መልሶ ያስተጋባል። ወፍራም መጋረጃና የወለል ምንጣፍ ከማንኛውም ማስተካከያ የበለጠ ሥራ ይሠራሉ።

አማርኛው፣ ቫይረሱና ሕጉ

የአማርኛ ትርጉም ጽሑፍ ያለው ፊልም በፊደል ፈንታ ባዶ ሣጥኖችን ወይም ትርጉም የለሽ ምልክቶችን ካሳየ የጽሑፍ ፋይሉ በዩቲኤፍ 8 መቀመጡን ማረጋገጥ፣ በማጫወቻውም ይህንኑ መምረጥና እንደ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ያለ የግእዝ ፊደል መስጠት ያስፈልጋል።

ሶፍትዌሩ ነፃ ቢሆንም ከማን እንደተወሰደ መመርመር ይገባል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ብዙ ሶፍትዌር ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ሲተላለፍ ቆይቷል። በዚህ መንገድ የሚመጣ ማጫወቻ ቫይረስ ሊያዝል ይችላል። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 በጃፓን ሞንጁ የኑክሌር ጣቢያ አንድ ኮምፒዩተር የተበከለው በውስጡ የነበረው ጎም ፕሌየር ሲታደስ ነው፤ ጥቃት አድራሾቹ የማደሻውን መንገድ ጠልፈውት ነበር። ስለዚህ የመጫኛ ፋይሉን መስመር ባለበት ቀን ከአዘጋጁ ድረ ገጽ አውርዶ በተለየ ፍላሽ ማስቀመጥ ይበጃል። ዊንዶውስ 10 የሚጠቀም ደግሞ ማይክሮሶፍት ለዚህ እትም ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማብቃቱን ልብ ሊል ይገባል።

ማጫወቻው ነፃ ነው ማለት ፊልሙ ነፃ ነው ማለት አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው ቁጥር 872/2007 ፊልምን ለሕዝብ የማሳየት መብትን ለባለቤቱ ሰጥተዋል። ያለ ፈቃድ ማሳየት በእስራት ሊያስቀጣ የሚችል ነው። ከባለቤቱ በስምምነት የሚወሰድ ፊልም ሌላም ጥቅም አለው፤ የሚገኘው ከዋናው ቅጂ በመሆኑ ሦስትና አራት ጊዜ ተጨምቆ ከተላለፈው የፍላሽ ቅጂ በምስልም በድምፅም ይበልጣል።

ሒሳቡ ሲጠቃለል

ለማሳያ ቤት፣ ለካፌና ለቪዲዮ ቤት በመጀመሪያ የሚመከረው ቪኤልሲ ነው። ኮምፒዩተሩ ደካማ ከሆነ ወይም ባለሙያ ካለ ሚዲያ ፕሌየር ክላሲክ ይከተላል። ሁለቱንም ጭኖ በአንድ ፊልም ማወዳደር የሚጠይቀው የግማሽ ሰዓት ጊዜ ብቻ ነው።

ላፕቶፕ ሊገዛ የሚሄድ ሰው በፍላሹ ሦስት አጫጭር ቪዲዮዎች ይያዝ፦ አንድ ኤች 264፣ አንድ ባለ 10 ቢት ኤች 265፣ አንድም ከካሴት የተገለበጠ። ሻጩ ፊት ሶስቱን ለአምስት አምስት ደቂቃ ያጫውት፤ የጠፋውን ምስል ይቁጠር፤ የማራገቢያውን ጩኸት ያዳምጥ። ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ ቢከራከር የሚከራከረው እያወቀ ነው።

የሰባታሚቱ ነጋዴም ቢሆን የሚጀምረው ከፋይሉ ነው፤ ከዚያ ማጫወቻው፣ ከዚያ ማስተካከያው፣ ከዚያ ገመዱ። እነዚህ አራቱ ተሞክረው የጠፋው ምስል ቁጥር አሁንም ከጨመረ ላፕቶፑ በእርግጥ አርጅቷል፤ ከሰባተኛ ትውልድ በታች ሳይወርዱ መግዛት ነው። ቁጥሩ ዜሮ ላይ ከቆመ ግን ለአዲስ ኮምፒዩተር የታሰበው ገንዘብ ለተሻለ ድምፅ ማጉያና ለወፍራም መጋረጃ ይዋል። ደንበኛው በሚቀጥለው ቅዳሜ የሚመለሰው ንግግሩን ሲሰማ ነው።